የሮቢት ዘይት አይረጋም

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። የልብን ሥዕል ዓይኔን ጨፍኜ ሰሌዳ ላይ መሳል እችላለሁ፤ አራቱን ክፍል፣ የሚገባውን ደም በሰማያዊ፣ የሚወጣውን በቀይ ጠመኔ። የደም ቧንቧ በስብ ሲጠብ ምን እንደሚሆንም በየዓመቱ አስረድቻለሁ፤ ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ፣ አራት ማርክ ይይዛል። ከዚያ ደወል ሲደወል ጠመኔዬን አራግፌ፣ ባጃጅ አስቁሜ ሥጋ ቤት እሄድ ነበር። ሥጋ ቤቱ ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆመው ሲያዩት ይታያል። ይታያል ስል በመነጽር ማለቴ አይደለም፤ ቢላዋው ሲሳል ይሰማል።

ሥጋ ቤት የምንገናኘው እኔና አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ነን። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ሲመላለስ ፀጉሩ የሸበተ። ከእኔ እኩል ይበላል፣ እንዲያውም ይበልጠኛል፤ የበላው የት እንደሚገባ ግን አይታወቅም። ሱሪው እንዳይወልቅበት ቀበቶው ላይ በሚስማር ተጨማሪ ቀዳዳ የበሳ ሰው ነው። እኔ ደግሞ በሌላው ጫፍ ቀዳዳ ጨርሼ ቀበቶ መግዛት ትቻለሁ። ሆዴን እያየ ሲስቅ፣ «አንተ እኮ የምታጠራቅመው ለክፉ ቀን ነው» ይለኝ ነበር።

ከጥሬው ሥጋ በኋላ ሁለት ሁለት መለኪያ አረቄ እንጠጣለን። አረቄ ስብ ያቀልጣል ይባላል። ይህንን መጀመሪያ ማን እንዳለው አይታወቅም፤ እኔ የምጠረጥረው አረቄ ሻጭ ነው። የባዮሎጂው መምህር ግን አንድም ቀን አልተቃወምኩም።

ነገሩ የተጀመረው በእሱ መንጃ ፈቃድ ነው። ለማሳደስ የጤና ምርመራ ያስፈልገው ነበርና አንድ ቅዳሜ በጠዋት፣ ቁርስ እንኳ ሳልበላ፣ ጎትቶኝ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። እሱ ዓይኑን ሲታይ እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳዛጋ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት «ቲቸር!» ብላ መጣችና ጎንበስ ብላ ጨበጠችኝ። የዛሬ አሥር ዓመት ግድም ያስተማርኳት ልጅ ናት። የጤና መኮንን ሆናለች።

«ከመጡ አይቀር ደምዎን ልይልዎት። ቁርስ በልተዋል?»

«ይሄ ሰውዬ መቼ አስበልቶኝ!»

«ጥሩ። ግፊቱንም፣ ስኳሩንም፣ ኮሌስትሮሉንም አብረን እናየዋለን።» ከዚያ ወደ ጓደኛዬ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎም ይለኩ።»

ሳቀባት። «የእኔን? ከአጥንቴ ላይ ምን ልታገኚ? ኮሌስትሮል እኮ የወፍራም ሰው በሽታ ነው።»

«አይደለም፣ ቀጭን ሰውም…»

«ተይ እስቲ፣ ልጄ» አለና ወረቀቱ ላይ ማኅተም አስመትቶ ወጣ።

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ፈተና ቢሆን ኖሮ ከክፍሉ አንደኛ የሚያስወጣ ነበር።

«ምንም አያመኝም እኮ» አልኳት።

«አያምማ። ስብ ቧንቧ ውስጥ ሲከማች ድምፅ የለውም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፣ ቲቸር።»

ተማሪ የነገሩትን ያስታውሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል! ጎንበስ ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፦ ቅቤ መቀነስ፣ ጮማ መተው፣ የተጠበሰ ነገር መተው፣ ጎመንና ጥራጥሬ ማብዛት፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ። ከጥቂት ወራት በኋላ ካልወረደ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት እንደሚታዘዝልኝም ነገረችኝ። ስለ አረቄው ስጠይቃት ከወረቀቱ ቀና ብላ አየችኝ። ድሮ እኔ ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾክ ተማሪ የማየው እንደዚያ ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ሎሚ በሙቅ ውኃ በባዶ ሆድ ጠጣ አለችኝ፣ ስቡን ልክ እንደ ዕቃ ማጠቢያ ያጥበዋል። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር፣ ሌላው የሽፈራው ቅጠል ተደቁሶ። አንዳቸውም «ሥጋውን ተው» አላሉም። እኔም እንደ ጨዋ ሰው ሁሉንም ታዘዝኩ፤ ጠዋት ሎሚዬን እጠጣለሁ፣ ማታ ነጭ ሽንኩርቴን እውጣለሁ፣ በመሃል ሥጋ ቤት እሄዳለሁ።

ባለቤቴ ብቻ የልጅቷን ትእዛዝ አከበረች። ቅቤውን ከእኔ ወጥ አወጣች። እኔም በየምሳው ሳህኔን እያየሁ እንደ እስረኛ አለቅስ ነበር፤ ያንን የማደርገው ግን ከሥጋ ቤት በልቼ ስመጣ ነው።

የእግር ጉዞው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሮቢት ውስጥ ባጃጅ እያለ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ከስሯል። የመጀመሪያው ቀን ከቤቴ እስከ ድልድዩ ስሄድ ሰባት ባጃጅ ቆመልኝ። «ቲቸር፣ ምን ሆኑ? ይግቡ እንጂ!» ስለ ጤናዬ ነው ስላቸው በኀዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰባተኛው «እኔ በነፃ ላድርስዎት» አለኝ። ገባሁ። ነውር ነዋ፣ እንዲህ ያለ ደግ ሰው እንዴት ይገፋል!

ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ እኔም እፎይ አልኩ። ሁለት ወር ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው ከክሊኒኩ ትእዛዝ ጋር ገጠመልኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ጓደኛዬም ይጾማል፤ የምንገናኝበትን ቦታ ብቻ ቀየርን። ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት አለች። ጠዋት ፓስቲ፣ ቀን ድንች ጥብስ፣ ማታ በዘይት የሚዋኝ ሽሮ። በጾሙ መጨረሻ ሳምንት እንደ ጻድቅ እየተራመድኩ ክሊኒክ ሄድኩ።

ቁጥሩ አልወረደም። እንዲያውም ትንሽ ከፍ ብሏል።

«ማሽናችሁ ተበላሽቷል» አልኩ።

«ምን በሉ?» አለችኝ። ነገርኳት። ፓስቲ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ዘይቱስ ምን ዓይነት ነው?»

«ጥሩ ዘይት ነው። አይረጋም።»

«ቲቸር፣ እዚህ ሮቢት ምን ነገር ይረጋል?»

ነገሩን የገባኝ አስመስዬ ወጣሁ እንጂ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ለምትኖር እኅቴ ለበዓል ይሆናታል ብዬ ከዚያው ከምንጠቀምበት ዘይት አምስት ሊትር ጀሪካን ይዤላት ሄድኩ። ማታ ከወርቅ የጠራ ነበር፤ ሲቀዳ እንደ ውኃ ይወርዳል። ጠዋት እኅቴ ጀሪካኑን ዘቅዝቃ ስትነቀንቀው አገኘኋት። ጠብ የሚል የለም። ውስጡ ነጭ ሆኖ እንደ ሻማ ቆሟል።

«ወንድም ጋሼ፣ ዘይት ነው ሰም ያመጣህልኝ?» አለችኝ።

ብርድ ልብስ ተከናንቤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ያንን ጀሪካን አየሁት። ስንት ዓመት ሙሉ እኛ ቆላዎቹ «የእኛ ዘይት አይረጋም» እያልን ደገኞቹን ስንታዘብ ኖረናል። ዘይቱ አንድ ነው፤ ብርድ ሲያገኘው እንደ ቅቤ የሚረጋ ስብ። የማያረጋው የሮቢት ፀሐይ ነው።

ይህ ሁሉ ትምህርት እስከ ፋሲካ ድረስ ቆየልኝ። አራት ቀን ማለት ነው።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ቀትር ላይ ሥጋ ቤት ነበርን። እኔ ቀይ ብቻ ቁረጥልኝ ብዬ ራሴን እያመሰገንኩ ነው፤ ጓደኛዬ ጮማውን በአዋዜ እየጠቀሰ ያላግጥብኛል። በመሃል ማኘኩን አቆመ። መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ምነው?»

«ቃር ነው። አዋዜው ነው።»

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ባለ ሥጋ ቤቱ አየውና «በዚህ ሙቀት ማን የማያልበው አለ?» አለ። እውነቱን ነው፤ ሚያዝያ ላይ ሮቢት ውስጥ ሬሳም ያልበዋል። አንዱ ለስላሳ ይጠጣና ያግሳው አለ። አንዱ ሎሚ ቆረጠ። አንዱ አረቄ አቀረበ፣ ይገፋዋል ብሎ። ጓደኛዬ አረቄውን ለመያዝ ግራ እጁን ዘረጋና መልሶ አወረደው። «እጄ ከበደኝ። መንጋጋዬንም ያዝ ያደርገኛል» አለ።

ይህንን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ስጠይቀው የኖርኩት ነው፤ ደረት፣ ግራ ክንድ፣ መንጋጋ፣ ላብ። መልሱንም አውቀዋለሁ። ግን ምን ብዬ እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፦ «ቀጭን ነው እኮ» አልኩ። በልቤ ብቻ አይደለም፣ ጮክ ብዬ። ሁሉም «አዎ፣ ቀጭን ነው» አሉ። እንዲህ ስንመሰካከር ሃያ ደቂቃ አለፈ። ፊቱ አመድ ሲመስልና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ «ወንድሜ፣ ደስ አላለኝም» ሲለኝ ነው ብድግ ያልኩት።

በባጃጅ ነው የወሰድኩት። ልጅቷ ገና ከበር ስታየው ፊቷ ተለወጠ። አስፕሪን አኝከው ይዋጡ ብላ ሰጠችው፣ ልቡን በመሣሪያ አየች፣ ስልክ ደወለች፤ ብዙም ሳይቆይ አምቡላንስ መጣ። ወደ ደብረ ብርሃን ሽቅብ ተያያዝነው። እሱ በጀርባው ተኝቷል፤ እኔ እጁን ይዤ አጠገቡ ተቀምጫለሁ።

ያንን ዳገት ሹፌር ሆኖ ስንት ሺህ ጊዜ እንደወጣው እሱም አያውቀውም። መስኮት አይታየውም፤ ግን እያንዳንዱን ኩርባ በጀርባው ያውቀዋል። ደብረ ሲናን አልፈን ወደ ጣርማ በር ስንወጣ መኪናው አቃሰተ። ዓይኑን ሳይገልጥ «ማርሽ ቀንስ በለው» አለኝ።

«ዝም በል፣ አትናገር።»

«ሞተሩን ይገለዋል፣ ቀንስ በለው።»

ለሹፌሩ ነገርኩት፤ ቀነሰ። መኪናው ተረጋጋ። ጓደኛዬም ተረጋጋ። እኔ ግን ተራራውን የሚበሳው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጨለማውን ተገን አድርጌ አለቀስኩ። ስለ እሱ ብቻ አልነበረም። ስለዚያች ሃያ ደቂቃም ነበር።

ተረፈ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ አባቱ በምን እንደሞቱ ጠየቀው።

«ማጀቴ ከተማ፣ ገበያ ላይ በቆሙበት ወደቁ» አለ። «ቡዳ በላቸው ተባለ።»

«ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ከእኔ ያንሱ ነበር።»

«ወንድም አለህ?»

«ታላቄ ነበር። እሱ እርሻ ላይ ነው የወደቀ። ምች ነው አሉ።»

ሐኪሙ ሁለቱንም ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ከዚያ የእሱ ኮሌስትሮል እኔ ከነገርኩት ከራሴ ቁጥር በጣም እንደሚበልጥ፣ በዘር የሚመጣም እንደሚመስል፣ ልጆቹም መመርመር እንዳለባቸው፣ መድኃኒቱን ደግሞ «ተሻለኝ» ብሎ እንዳያቋርጥ ነገረው። ቡዳና ምች እንዲህ በአንድ ቀን ነፃ ወጡ።

ወደ ሮቢት ስንመለስ ደግሞ ጠያቂ ጎረፈ። የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። አንዷ ዘመዱ ከካራቆሬ አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ተሸክማ መጣች፣ «ልቡን ያለሰልስለታል»። የማኅበር ጓደኞቹ ሙክት ጎትተው መጡ፣ «ደሙን ይተካለታል»። እኔ በር ላይ ተቀምጬ እንደ ጉምሩክ እፈትሽ ጀመር። ሙክቱን መለስኩት። ቅቤውን ስመልስ ሴትዮዋ አኮረፈችኝ፤ «ሰውዬው ጓደኛውን በረሃብ ሊገድል ነው» ብላ አስወርታብኛለች።

እሱ ሊበላው የሚችል ነገር ይዘው የመጡት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሰፈራችን ጥግ የሚኖሩ አዛውንት ሙስሊም ገበሬ፣ ከማሳቸው ማሾና ሁለት ፓፓያ በጆንያ ይዘው፣ ያንን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጡ። ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ወገባቸው እንደ ሸንበቆ ቀጥ ያለ ነው። እኔም ቶሎ ብዬ ምሳሌ ላደርጋቸው ፈለግኩ።

«አየህ?» አልኩት ጓደኛዬን። «ጋሼ እንግዲህ በዚህ ዕድሜያቸው ለጤናቸው ብለው በእግራቸው ይሄዳሉ።»

«ኧረ ወላሂ፣ ለጤናዬ ብዬ አይደለም» አሉ። «አህያዬ ስለሞተች ነው።»

«ማሾውስ?»

«ሥጋ ከየት አምጥቼ? ለዒድ የበግ ላት ሳገኝማ ማንንም አላስቀምስ።» ጓደኛዬ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ደረቱን ይዞ ሳቀ። እሳቸውም ቀጠሉ፦ «እኔን ያቆየኝ ድህነቴ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተ ግን አላህ ሰጥቷችሁ እያለ እንደ ድሃ ብሉ የሚል ሐኪም መጣባችሁ። ከባድ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ጓደኛዬ መኪናውን ትቶ የጤና ሰባኪ ሆኗል። ሰርግ ላይ ሰው ሳህን ላይ አጎንብሶ ይቆጣል፤ ሥጋ ቤቱ ደጅ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ «ተለክተሃል?» ይላል። ከመታመሙ በፊት ሲያላግጥብኝ ይሻለኝ ነበር፣ አሁን ይመክረኛል። ጠዋት ፀሐይ ሳይከር አብረን እንሄዳለን፤ ባጃጆቹም ሁለት ስለሆንን እብደታችንን ተቀብለውታል። የእኔ ቁጥር ወርዷል። ክኒኑንም እወስዳለሁ፣ ምክንያቱም በሎሚው ብቻ አልወረደም። ለበዓል ቀይ ሥጋ እቀምሳለሁ፣ ትንሽ፣ በምስክር ፊት።

ባለፈው ወር ታዲያ ለክትትል ስሄድ ዝናብ ስለነበር ባለቤቴ ጃንጥላ ይዛ አብራኝ መጣች። ልጅቷ የእኔን ውጤት አይታ «ጎበዝ፣ ቲቸር» ካለችኝ በኋላ ወደ ባለቤቴ ዞረች።

«እትዬስ መቼ ነው የተለኩት?»

ባለቤቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጃንጥላውን አየሁ። በእነዚያ ሁሉ ወራት፣ ስለ እኔ ደም ስንት ሰው ሲጨነቅ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ ትዝ ያለው አልነበረም። ያለ ዘይት ወጥ ለመሥራት የተቸገረችው እሷ፣ ለእኔ ማሾ ስትለቅም የምታመሽው እሷ። የተለካሁት እኔ።

በማግስቱ በባዶ ሆዷ አብረን ሄድን። ውጤቷ ከእኔ የመጀመሪያ ውጤት ብዙም አይተናነስም።

«እንዴት ሊሆን ይችላል?» አልኩ። «ያንኑ ምግብ አይደለም እንዴ የምንበላው?»

«አንተ ያንን ትበላለህ» አለች። «ለልጆቹ በቅቤ እሠራለሁ። ከእነሱ የተረፈውንስ ማን ይብላው? ይጣል እንዴ?»

ልጅቷ ለእኔ የሰጠችኝን ዓይነት ወረቀት ጻፈችላት። ባለቤቴ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ወጥተን አስፋልቱ ድረስ ሄድን። ባጃጅ ሊቆምልን ሲል በእጇ እለፍ አለችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ራቱን የምትሠራው አንተ ነህ» አለችኝ። «ለሁላችንም አንድ ድስት።»

ያን ዕለት ማታ አራት ራስ ሽንኩርት ስልጥ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ልጆቼ በር ላይ ተደርድረው ይስቃሉ። ማሾውን አሳረርኩት፤ ጨው ረሳሁ፤ ዘይቱን ግን በማንኪያ ለክቼ ነው የጨመርኩ። ባለቤቴ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ አንድ ጉርሻ ቀመሰች፣ ቀስ ብላ አኘከች።

«ይሄን የበላ ሰው በልብ በሽታ አይሞትም» አለች። «ሌላ ነገር ሊገለው ይችላል።»

ሳህኗን ግን ጨረሰች።